አያትን ከተማ ስለ ማስጎብኘት

እኛ በሀገራችን ክረምት የምንለው፣ በአሜሪካ ግን ፀሐይ የሚበረታበትና ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወቅት በመጣ ቁጥር፣ በዋሽንግተን ከተማ መካከል በተዘረጋው ሰፊ መስክ ላይ የወገኖቻችንን ቤተ ሰቦች ማየት የተለመደ ሆኗል። ነጠላ ያጣፉ እናት፣ ኮት ደርበው ከዘራ የያዙ አባት፣ ከፊት ከፊት የሚቸኩል ልጅ ወይም አማች፣ ከኋላ በእንግሊዝኛ የሚንጫጩ የልጅ ልጆች። አያቶቹ ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከደሴ ለጥቂት ወራት የመጡ ናቸው፤ ቀኑም ከተማ የሚጎበኝበት ቀን ነው። ነገሩ ቀላልና ደስ የሚያሰኝ ስለሆነ የሚመረመር ጉዳይ አለበት ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። እኛ ግን ስናስተውለው አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ ተሸክሞ እናገኘዋለን፤ ይኸውም ያ ቀን የማን ቀን ነው? የሚያሳዩት የልጆቹ ነው ወይስ የሚያዩት የአያቶቹ?

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ዓይነት አሳብ ሲነገር እንሰማለን። አንደኛው፣ ለሽማግሌ ሰው የሚገባው ዕረፍትና ጸሎት ነው፤ ሽርሽር ምን ያደርግለታል? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ወላጆቻችን ደክመው አሳድገውናልና እኛም በተራችን የዓለምን ድንቅ አሳይተን ውለታቸውን እንመልስ የሚል ነው። የመጀመሪያው አሳብ አረጋዊውን ዓይን እንደሌለው ይቈጥረዋል። ሁለተኛው መልካም ልብ ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን ወላጅንና ልጅን አበዳሪና ባለ ዕዳ አድርጎ ያቆማቸዋል፤ ዕዳ ደግሞ የተከፈለ ዕለት የሚዘጋ መዝገብ አለው። ሁለቱም የሚዘነጉት ነገር አንድ ነው፤ አያት የሚያየው በገዛ ዓይኑ መሆኑን።

አባቶቻችን በግእዝ ስለ ማየት ሲናገሩ ቃላቱን ይለዩ ነበር። «ርእየ» ቢሉ አየ ማለት ነው። «ነጸረ» ቢሉ ትኩር ብሎ ተመለከተ ማለት ነው። «ሐወጸ» ቢሉ ግን ጎበኘ፣ ሄዶ ጠየቀ፣ እንዴት እንዳለ አየ ማለት ነው። በአማርኛችንም «ጎበኘ» የሚለው ግስ ይህን ትርጉም ይዞ ኖሯል። ሕሙም ይጎበኛል፤ እስረኛ ይጎበኛል፤ ገበሬ ማሳውንና ቀፎውን ይጎበኛል፤ ዛሬ ደግሞ ሙዚየም ይጎበኛል። በቃሉ ውስጥ መሄድ አለ፤ መጠየቅም አለ፤ ደኅና መሆኑን ማረጋገጥም አለ። እንግዲህ «እናታችንን ዋሽንግተንን አስጎበኘናቸው» ስንል፣ ቃሉ ራሱ መልሶ ይጠይቀናል። እናቲቱ ከተማይቱን ሲጎበኙ እኛ እናቲቱን ጎብኝተናቸዋል ወይ? ጉዳዩ በሙሉ ያለው እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን።

ሽማግሌ ለማየት ጉጉት የለውም የሚለውን አሳብ የሀገራችን ልማድ ራሱ ይቃወመዋል። ንግሥተ ሳባን ያን ያህል መንገድ ያስኬዳት የሰማችውን በዓይኗ ለማየትና ጠይቃ ለመረዳት መፈለጓ ነበር። ለገና ላሊበላ የሚወርዱት፣ እድል የቀናቸውም ኢየሩሳሌም የሚደርሱት ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ ነው። ሲመለሱም የተሳለሙትን ብቻ አይተርኩም፤ ያረፉበትን ቤት፣ የወንዙን ሙላት፣ የገበያውን ዋጋ ሁሉ አንድ በአንድ ያወሩታል። ጉጉት ከጉልበት ጋር አብሮ አይደክምም። የሚደክመው ቸኵሎ የማየት ችሎታ ነው፤ ይህም ጉድለት ነው ለማለት አንደፍርም።

እንዲያውም አረጋውያን የሚያዩት እኛ ያላየነውን ነው። ከካፒቶል ሕንፃ እስከ ሊንከን መታሰቢያ ድረስ ያለው መስክ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ አንድ ከገጠር የመጡ አባት በዚያ ሲያልፉ የተገረሙት በሕንፃዎቹ አልነበረም። «ይህ ሁሉ ሣር ተኝቶ አንድ በሬ እንኳ የለበትም?» ብለው ነበር የጠየቁት። ልጆቹ ሳቁ። እኛ ግን ጥያቄው የሚያስቅ ብቻ አልመሰለንም። አንድ ሕዝብ ይህን ያህል ለም መሬት ለግጦሽም ለእርሻም ሳያውል፣ ሰው እንዲሰበሰብበትና እንዲያስብበት ብቻ መተዉ ምን ማለት እንደ ሆነ ከዚያ አባት በፊት የጠየቀን ሰው አልነበረም።

ከዚህም ይልቅ የሚጠቀስ አንድ ሌላ ነገር አለ። ለጆርጅ ዋሽንግተን መታሰቢያ የቆመው ሐውልት ቁመቱ 555 ጫማ፣ ወደ 169 ሜትር የሚሆን ነው። ወገኖቻችን ከሥሩ ቆመው ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ብዙዎቹም በዚያው ያልፋሉ። በወጣትነታቸው የድንጋይ ሥራ የሠሩ አንድ አዛውንት ግን ቀና ብለው ብዙ ከቆዩ በኋላ፣ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ የድንጋዩ ቀለም መለወጡን አሳዩ። እውነትም ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1848 ተጀምሮ በ1854 ገንዘብ በማለቁ ቆመ፤ ኋላም የርስ በርስ ጦርነት መጣ። እንደ ገና የተቀጠለው በ1879 ነው፤ ጫፉ የተገጠመው በ1884 ነው። በመካከሉ ባለፈው ዘመን ምክንያት የኋለኛው እብነ በረድ ከሌላ ቦታ የተፈለጠ በመሆኑ፣ 150 ጫማ ያህል ላይ ሲደርስ ቀለሙ ከታችኛው ጋር አይመሳሰልም። አዛውንቱ ይህን ታሪክ አላነበቡም፤ ነገር ግን ተቋርጦ የተቀጠለ ሥራ ምን እንደሚመስል ያውቁ ነበር። ቀጥለውም «ድንጋዩ ወጥ ነው ወይስ የተካበ?» አሉ። ከአብያተ ክርስቲያናትና ከሐውልት ሀገር የመጣ ሰው ይህን መጠየቁ አያስደንቅም። የአክሱም ሐውልቶች ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለጡ ናቸው። የኢጣልያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም የወሰደው፣ በ2005 ተመልሶ በ2008 በቦታው የቆመው ሐውልት 24 ሜትር ያህል ነው። የዋሽንግተኑ ቁመቱ የዚያን ሰባት እጥፍ ነው፤ ነገር ግን በሺህ የሚቈጠሩ ድንጋዮች ተካብተው የሠሩት ነው። የ11 ዓመት የልጅ ልጃቸው ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ፍለጋ እየሮጠ ጽሑፍ ወደ ተሰቀለበት ቦታ ሄደ፤ እያነበበም በተሰባበረ አማርኛ ነገራቸው። በዚያ ሰዓት አስጎብኚው ማን ነበር? ልጁ ለአያቱ ከተማውን ሲያሳይ፣ አያትየውም ለልጁ ድንጋይ እንዴት እንደሚታይ ያሳዩ ነበር።

ደስታ ሁሉ ጥልቅ መሆን አለበት ማለታችን ግን አይደለም። አረጋውያንን ሁልጊዜ ጥበብ የሚናገሩ አድርጎ መቍጠርም ራሱን የቻለ ግፍ ነው። ሰው በ80 ዓመቱም ቢሆን በአይስክሬም ደስ ሊለው፣ ዛፍ ላይ በምትሮጥ ሽኮኮ ሊስቅ መብት አለው። በአየርና ኅዋ ሙዚየም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1969 ሦስት ሰዎችን ወደ ጨረቃ አድርሳ የመለሰችው ኮሎምቢያ የተባለችው ክፍል አለች። ያን ወሬ በሬዲዮ ሰምተው ያላመኑ ብዙ ወላጆች ነበሩን፤ ከአንዲት ትንሽ ጎጆ የማትበልጠውን ያችን ዕቃ ፊት ለፊት ሲያዩ በፊታቸው ላይ የሚነበበውን መደነቅ ለተመለከተ፣ የዚያ ቀን ድካም ሁሉ ተከፍሏል።

ድካሙ ግን እውነተኛ ስለሆነ ልንሸፋፍነው አይገባም። ቤተ ሰብ አብሮ ለመውጣት የሚመቸው ልጆች ከትምህርት በሚያርፉበት በነሐሴ ነው፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ነው፤ በዚህ ሀገር አቈጣጠር ከኦገስት 7 እስከ 21 መሆኑ ነው። የዋሽንግተን ወበቅ ደግሞ በዚያን ጊዜ ለወጣትም አይቻልም። እኒያ እናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ ከአንዱ መታሰቢያ ወደ ሌላው ይነዳሉ፤ «ደከመዎት ወይ?» ሲባሉም «ኧረ ምን ደከመኝ» ይላሉ። ልጅ የእናቱን ጾም እያወቀ የጉብኝቱን ቀን በዚያ ሳምንት የሚቈርጥ ከሆነ፣ ቀኑ ለማን እንደ ተቈረጠ ግልጽ ነው። ሳምንቱን መለወጥ ካልተቻለም ሰዓቱን መለወጥ ይቻላል። የሊንከን መታሰቢያ በማታም ክፍት ነው፤ እብነ በረዱም በመብራት ይበልጥ ያምራል።

የባቡሩም ነገር እንዲሁ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ አቅራቢያ ዊተን በሚባለው የሜትሮ ጣቢያ ያለው ተንቀሳቃሽ ደረጃ 230 ጫማ ይረዝማል፤ 70 ሜትር ማለት ነው። ከላይ ሆኖ ወደ ታች ለሚመለከት እንግዳ ገደል ይመስላል። እናቶች አማትበው ሲረግጡት አይተናል፤ አንዳንዶቹም አልረግጥም ብለው ሲመለሱ። በየጣቢያው አሳንሰር እያለ «አይዞዎት፣ ይልመዱት» ብሎ መጐተት ምን ይጠቅማል? ብዙዎቹ ሙዚየሞችም ተሽከርካሪ ወንበር ያለ ክፍያ ያውሳሉ፤ ሆኖም «ሰው ያየናል» በማለት ልጆቹ ራሳቸው ይተዉታል። ይህ ኀፍረት የአያቶቹ ብቻ ቢሆን እናከብረው ነበር፤ የልጆቹ ሲሆን ግን ወላጆቻቸው ጉልበት ያላቸው መስለው እንዲታዩላቸው ከመፈለግ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ከበደው ነገር እንግባ። በዚያው መስክ አጠገብ፣ ከመሬት ዝቅ ብሎ የተሠራ የጥቁር ድንጋይ ግንብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 የተመረቀው፣ በቬትናም ጦርነት የሞቱና የጠፉ አሜሪካውያን መታሰቢያ ነው። ንድፉን የሠራችው ማያ ሊን ያን ጊዜ የ21 ዓመት ተማሪ ነበረች። ከ58,000 በላይ ስም ተቀርጾበታል፤ የተጻፈውም በማዕርግ ወይም በፊደል ተራ ሳይሆን በወደቁበት ቀን ቅደም ተከተል ነው። ድንጋዩ ከመጥራቱ የተነሣ የሚያነበው ሰው መልክ ከስሞቹ ጋር አብሮ ይታይበታል። አስጎብኚዎቹ ልጆች ብዙውን ጊዜ በዚህ ሥፍራ አይቆዩም፤ ይህ የእኛ ሐዘን አይደለም ይላሉ።

የምናውቃቸው አንዲት እናት ግን እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። «ይህ ሁሉ ምንድር ነው?» አሉ። የሞቱ ልጆች ስም መሆኑ ተነገራቸው። «ሁሉም ተጽፈዋል?» «አዎን፣ ሁሉም።» ልጃቸው «እማዬ፣ ይምጡ፤ ገና ሙዚየሙ ይቀረናል» ቢሉ፣ «እናንተ ሂዱ፤ እኔ ከዚህ ልቈይ» አሉ። አብራቸው የቀረችው የ12 ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ብቻ ናት። እርሳቸው የእንግሊዝኛውን ፊደል ስለማያውቁ፣ ልጅቱ በጣቷ እየጠቈመች ከስሞቹ ጥቂቱን አነበበችላቸው፤ እርሳቸውም በእያንዳንዱ ስም «ነፍስ ይማር» ይሉ ነበር። ልጅቱ «የማያውቋቸውን ለምን?» ብላ ጠየቀች። ያን ጊዜ ስለ አጎቷ ነገሯት፤ በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ከቤት ተወስዶ ስላልተመለሰው ስለ በኵር ልጃቸው። በዚያ ዘመን ለብዙ እናቶች ልጃቸውን መቅበር ቀርቶ ማልቀስም የተከለከለ ነበር። በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ልጅቱ እንደዚህ ያለ አጎት እንደ ነበራት እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልሰማችም ነበር።

ማታ በቤት ውስጥ ሴት ልጃቸው «ደስ እንዲላቸው ወስጄ አስለቀስኋቸው፤ ቀኑ ተበላሸ» ብለው አዘኑ። እኛ በዚህ አንስማማም። ለደስታ የተዘጋጀ ቀን ልቅሶ ቢመጣበት ተበላሸ የሚባለው፣ ደስታ ማለት ሳቅና ፎቶግራፍ ብቻ ከሆነ ነው። ያ መንገድ በዕቅዱ መሠረት ቢፈጸም ኖሮ አምስት ሕንፃዎች ይታዩ ነበር፤ ባለመፈጸሙ አንዲት እናት ለ40 ዓመታት ያህል የያዙትን ነገር የሚሰማ ሰው አገኙ። ልጅቱም አያቷን ጎበኘች፤ «ሐወጸ» የሚለው ቃል እንደዚህ ያለውን ነው የሚለው።

እዚህ ላይ አንድ የማይወደድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ብዙዎቹ አያቶች ወደዚህ ሀገር የሚጠሩት አራስ ለመጠየቅና ሕፃን ለመያዝ ነው። የጎብኚ ቪዛ አብዛኛውን ጊዜ ለስድስት ወር ያስቀምጣል፤ እኒያ ስድስት ወራትም ሕፃን በማዘል፣ ወጥ በመሥራትና በመስኮት በረዶ በማየት ያልቃሉ። ከዚያ ውስጥ አንድ ቀን ለከተማ ጉብኝት ይመደባል፤ በዚያ ቀን የተነሣው ፎቶግራፍ በስልክ ወደ ሀገር ቤት ይላካል፤ ዘመድም «ታድለዋል» ይላል። ፎቶግራፉ እንደ ደረሰኝ ሆኖ ማገልገሉ ነው የሚያሳዝነን። እርግጥ ነው፣ ልጆቹን መኰነን ቀላል አይደለም። ሌሊት በሆስፒታል፣ ቀን በመኪና ማቆሚያ ወይም በታክሲ ሥራ የሚውሉ ናቸው፤ አያቶቹም የልጅ ልጃቸውን ማዘላቸውን ድካም ብለው አይጠሩትም። ነገር ግን ሰውን ለአገልግሎቱ ጠርቶ ለክብሩ እንደ ጠራው ማስመሰል፣ የሚያመሰግነውም ሰው እርሱ ራሱ እንዲሆን ማድረግ፣ ሚዛኑን ያዛባል።

የገንዘብ እጦት ነው እንዳይባል ደግሞ፣ በዋሽንግተን የሚገኙት የስሚዝሶንያን ሙዚየሞችና የእንስሳት ማቆያው መግቢያ አያስከፍሉም። ይህም አስገራሚ ታሪክ አለው። ሀብቱን ለዚህ ተቋም መመሥረቻ የተወው ጄምስ ስሚዝሰን እንግሊዛዊ ሲሆን፣ በሕይወቱ ሳለ አሜሪካን ረግጦ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1829 በጄኖቫ ሞተ፤ በ1846 ተቋሙ በስሙ ተመሠረተ፤ ዐፅሙ ወደ ዋሽንግተን የመጣው በ1904 ነው። ከተማይቱን ሳያያት የሠራላት ሰው ነው ማለት ይቻላል። ከእኛም ወላጆች መካከል የልጆቻቸውን የስደት ኑሮ ላባቸውን አፍስሰው አቁመው፣ ልጆቹ የሚኖሩበትን ከተማ ግን ከመስኮት አልፈው ሳያዩ የተመለሱ ስንት ናቸው?

የሚቀረው ችግር ይሉኝታ ነው። የእኛ ሰው ደክሞት አልደከመኝም፣ ፈልጎ አልፈልግም ይላል፤ «የት ልውሰድዎት?» ቢሉት «አንተ ደስ ያለህ» ብሎ ይመልሳል። እንግዲህ ጨዋነት አፍ በዘጋበት የሌላውን ደስታ እንዴት ማወቅ ይቻላል? ፈላስፎች ስለ ሌላ ሰው ልብ መታወቅ የሚከራከሩት በዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ላይ ነው፤ ለኛ ግን ክርክር ሳይሆን የኑሮ ጉዳይ ነው። የምንመክረው ትንሽ ነገር ቢኖር ቶሎ አለመጠየቅ ነው። በአንድ ቀን አንድ ቦታ ብቻ ወስዶ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አብሮ ተቀምጦ፣ ዓይናቸው የት እንደሚቆም መመልከት። ዓይን ይሉኝታ አያውቅም። ከዚያም ማታ ቡና ሲፈላ የቀኑን ወሬ ልጆች ሳይሆኑ አያቶች እንዲያወሩ ቦታ መልቀቅ ነው። የልጅ ልጆቹ አብረዋቸው የዋሉበትን ቀን ወሬ ስለሆነ፣ አማርኛው ቢከብዳቸውም ይከታተሉታል፤ «እንዲህ አይደለም እማማ፣ እንዲህ ነበር» እያሉም ያርማሉ።

ያ በድንጋዩ ቀለም የተገረሙት አዛውንት ሀገራቸው ከገቡ በኋላ፣ ጎረቤት ሁሉ «አሜሪካ እንዴት ናት?» እያለ ሊጠይቃቸው መጣ አሉ። ስለ ፕሬዚዳንቱ ቤት አንድም ቃል አልተናገሩም። ያወሩት ስለዚያ ሐውልት፣ ጽሑፍ ፍለጋ እየሮጠ ስለ ተመላለሰው የልጅ ልጃቸውም ነው። ሥራው ሃያ አምስት ዓመት ቆሞ እንደ ነበር ሲነግሯቸው አንዱ ጎረቤት «ለምን ቆመ?» ብሎ ጠየቀ። «ገንዘብ አልቆባቸው» አሉ። ሰዎቹ ተያዩ። «አሜሪካ? ገንዘብ አልቆባት?» ብለው እንደ ገና ከመጀመሪያው እንዲያወሩላቸው ለመኗቸው።